የነገው ዋጋና የመካሪው ዕዳ

የሰው ልጅ ከሚያውቀው ነገር ይልቅ ሊያውቀው የሚመኘው ይበዛል። ከሚመኘውም ዕውቀት ሁሉ የነገን ነገር ዛሬ እንደ ማወቅ ያለ የሚያጓጓው የለም። ገበሬው ስለ ዝናሙ፣ መንገደኛው ስለ ጎዳናው፣ ሕመምተኛው ስለ ጤናው ይጠይቃል፤ ነጋዴው ደግሞ ስለ ዋጋ ይጠይቃል። ስለ ዋጋ የሚቀርበው ጥያቄ ግን ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ሰዎች ይዘንባል ብለው ስላሰቡ ዝናም አይዘንብም፤ አይዘንብም ብለው ስላሰቡም አይቀርም። ዋጋ ግን ሰዎች ስለ እርሱ በሚያስቡት ሐሳብ የሚነሣና የሚወድቅ ስለሆነ፣ ነገ ይወደዳል ብለው ብዙዎች ያመኑበት ዕቃ ነገን ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ይወደዳል። ስለዚህ ዋጋን የሚመረምር ሰው የብዙ ሰዎችን ልብ አንድ ላይ እንደሚመረምር ይቆጠራል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው ጥያቄ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው፣ ያለፈውን ዋጋ በመቁጠርና በማስላት የሚመጣውን ለማወቅ ይቻላልን? የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ በዚህ ጉዳይ ሌላውን የሚመክር ሰው ዕዳው እስከ ምን ድረስ ነው? የሚል ነው። አንዱ የሒሳብ፣ ሌላው የሕሊና ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱ ተነጣጥለው የማይኖሩ መሆናቸውን እኛ የተረዳነው ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከራሳችን ጥፋትም ጭምር ስለሆነ፣ ከዚያው ከጥፋታችን እንጀምራለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ «ዓ.ም.» የሚል ካልተጨመረባቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

በ2003 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ጨርሰን በአንድ መሥሪያ ቤት ከተቀጠርን ብዙ ጊዜ አልሆነንም ነበር። ሥራችን ከየገበያው የሚመጣውን የዋጋ ዝርዝር በሰንጠረዥ ማስፈርና የየወሩን አማካይ አስልቶ ማውጣት ነበር። በዚያ ዓመት የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወጣ ከርሟል። በ2010 መጀመሪያ ወራት በኒውዮርክ ገበያ አንድ ፓውንድ አረቢካ ቡና፣ ማለት ከግማሽ ኪሎ ጥቂት የሚያንሰው፣ ከ1 ዶላር ከ50 ሳንቲም በታች ይሸጥ ነበር፤ በ2011 የሚያዝያ ወር ግን 3 ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። እኛም የየወሩን አማካይ ነጥብ በነጥብ በወረቀት ላይ ስናገናኘው መስመሩ እንደ ዳገት መንገድ ወደ ላይ ሲወጣ እናየው ነበር።

በዚያው ወር የእናታችን ወንድም፣ በጅማ ወገን ጥቂት የቡና መሬት ያላቸው ገበሬ፣ ለጉዳይ አዲስ አበባ መጥተው ከቤታችን አደሩ። ከእራት በኋላ ቡና ስንጠጣ፣ «ልጄ፣ እናንተ ከተማ ያላችሁት ወሬውን ቀድማችሁ ትሰማላችሁ። ጀንፈሌ ገና ጎተራ ውስጥ ነው። ልሽጠው ወይስ ላቆየው?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም በማግሥቱ ያንን ወረቀት አምጥተን በፊታቸው ዘረጋንና፣ «ጋሼ፣ ይኸውልዎ፤ አሥር ወር ሙሉ ሲወጣ የቆየ ዋጋ ነው፤ እስከ ክረምት ድረስ ይታገሡ» አልናቸው። እርሳቸው መስመሩን ማንበብ ባይችሉም ወረቀቱን አመኑት፤ ወረቀቱን ያመኑትም እኛን ስላመኑ ነው።

ዋጋው የመጨረሻውን ጫፍ የነካው በዚያው ሰሞን ነበር። ከዚያ በኋላ እየዋዠቀ ወረደ፤ በ2012 ሰኔ ወር ወደ ግማሹ ተጠግቶ ነበር። ጋሼም ወርዶ መልሶ ይወጣል እያሉ፣ እኛም እንደዚያው እያልናቸው፣ ዓመት አለፈ። ጀንፈሉ ከርሞ፣ ክብደቱ ቀንሶ፣ በመጨረሻ ሲሸጥ ለዕዳቸው እንኳ ሳይበቃ ቀረና አንዲት ላም ሸጠው ሞሉበት። በኋላ በአንድ ዘመድ ለቅሶ ላይ ተገናኝተን በኀፍረት ይቅርታ ብንጠይቃቸው አልተቈጡንም። «ልጄ፣ እኔ የጠየቅሁህ ታውቃለህ ወይ ብዬ ነው እንጂ፣ ትገምታለህ ወይ ብዬ አልነበረም» አሉን። ይህ ቃል ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከጆሯችን አልጠፋም። በማወቅና በመገመት መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት የዋጋን ምርመራ ታሪክ ማንበብ የጀመርነውም በእርሱ ምክንያት ነው።

ስናነብ ያገኘነው ነገር አስደነቀን፤ እኛ የተሳሳትንበትን ጉዳይ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በፊት አንሥተውታልና። ሉዊ ባሸልዬ የተባለ ፈረንሳዊ በ1900 በፓሪስ ለዶክትርነት ማዕረግ ባቀረበው ጽሑፍ በከተማው የሰነዶች ገበያ የሚሸጠውን የመንግሥት የብድር ሰነድ ዋጋ መረመረ። ሐሳቡም በአጭሩ ሲገለጽ እንዲህ ነው። በማንኛውም ሰዓት በገበያ ላይ በቆመው ዋጋ አንዱ ይወጣል ብሎ ይገዛል፤ ሌላው ይወርዳል ብሎ ይሸጣል። የሁለቱ እምነት ተመዛዝኖ የቆመበት ነጥብ ዋጋ ስለሆነ፣ ከዚያ ነጥብ ላይ ተነሥቶ በዋጋ ልዩነት ብቻ ለማትረፍ የሚነግድ ሰው ሊጠብቀው የሚገባው ትርፍ በአማካይ ዜሮ ነው። ይህ ጽሑፍ ወደ ሃምሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ብዙ አንባቢ ሳያገኝ ተቀመጠ።

በ1933 አልፍሬድ ካውልስ የተባለ አሜሪካዊ በሙያቸው የአክስዮንን ዋጋ አስቀድመው እንናገራለን የሚሉ ሰዎችን ምክር ሰብስቦ ከሆነው ነገር ጋር ቢያስተያየው፣ ምክራቸው በዕጣ ከሚገኝ ግምት የተሻለ መሆኑ እንደሚያጠራጥር ገለጸ። በሚከተለው ዓመት ሆልብሩክ ወርኪንግ የተባለ የስንዴ ዋጋ መርማሪ፣ በዕጣ የወጡ ቁጥሮችን እየደመረ መስመር ቢሠራባቸው የገበያ ዋጋ የሚመስል መስመር እንደሚገኝ አሳየ። በ1953 ደግሞ ሞሪስ ኬንዶል የተባለው እንግሊዛዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ 22 የዋጋ መዝገቦችን መረመረ። ከእነርሱም ውስጥ የቺካጎ ስንዴና የኒውዮርክ ጥጥ ይገኙበታል። የዚህን ሳምንት ለውጥ ካለፈው ሳምንት ለውጥ አጠገብ እያኖረ፣ መውጣት መውጣትን፣ መውረድ መውረድን ያስከትላልን? ብሎ ጠየቀ። መልሱም ከጥቂቱ በቀር አያስከትልም የሚል ሆነ። ሊቃውንቱ የዋጋን አካሄድ በሰካራም እርምጃ ይመስሉታል፤ ሰካራም አሁን የቆመበትን ቦታ ማየት ይቻላል፤ ቀጥሎ እግሩን ወዴት እንደሚያነሣ ግን ከቀድሞ እርምጃው መገመት አይቻልም።

እኛም ይህን ካነበብን በኋላ ለራሳችን ልናረጋግጥ ብለን አንድ ምሽት ቁጭ ብለን መቶ ጊዜ ሳንቲም ወረወርን። ዘውድ በወጣ ጊዜ አንድ ብር እየጨመርን፣ ጎፈር በወጣ ጊዜ አንድ ብር እየቀነስን፣ ድምሩን በነጥብ ሠራነው። የተገኘውም መስመር ተራራና ሸለቆ፣ ዳገትና ቁልቁለት ያለው ነበር። የሚያየው ሰው ሁሉ «እዚህ ጋ ሊወጣ እንደሆነ ያስታውቃል» የሚያሰኝ፣ ለጋሼ ዘርግተንላቸው የነበረውን ወረቀት የሚመስል መስመር ነበር። ሳንቲሙ ግን የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ከዚህም የባሰ አገኘን። ኬንዶል ከመረመራቸው መዝገቦች መካከል የጥጡ ዋጋ ብቻ መውጣቱ መውጣትን የሚያስከትል መስሎ ታይቶ ነበር። የጥጡ መዝገብ በወር አማካይ የተሠራ ነበር። ወርኪንግ በ1960 እንዳስረዳው አማካይ ማውጣት ራሱ የሌለ ዝንባሌ ይፈጥራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዋጋው በወሩ አጋማሽ አንድ ጊዜ ብቻ ቢዘልና በዚያው ቢረጋ፣ የዚህ ወር አማካይ የዝላዩን ግማሽ ያሳያል፤ ቀሪው ግማሽ በሚከተለው ወር አማካይ ላይ ይታያል። በእውነት የሆነው ነገር አንድ ሲሆን በወረቀት ላይ ግን ሁለት ተከታታይ መውጣት ይሆናል። እንግዲህ እኛ በየወሩ በጥንቃቄ ስናሰላው የነበረው አማካይ፣ ያመንንበትን ዳገት በከፊል ራሱ ሲሠራልን ኖሯል። ስሌታችን አልተሳሳተም ነበር፤ የተሳሳተው ከስሌቱ ያወጣነው ትርጓሜ ነው። በቢሮ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ልዩነት ቢያስብበት መልካም ይመስለናል።

ዋጋ አስቀድሞ አይታወቅም ሲባል ብዙ ሰው ገበያ እብድ ነው፣ ሥርዓት የለውም የተባለ ይመስለዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቡና በሐምሌ እንደሚወደድ ሁሉም ሰው በእርግጥ ቢያውቅ፣ ያወቀው ሁሉ በሰኔ ይገዛል፤ በዚህም የተነሣ ቡናው በሰኔ ይወደድና የሐምሌው ትርፍ ይጠፋል። የሚታወቀው ነገር ሁሉ ቀድሞ በዋጋው ውስጥ ስለ ገባ፣ ዋጋውን ገና ሊያነቃንቀው የሚችለው ያልታወቀው ብቻ ይሆናል። ያልታወቀው ደግሞ ያው እንደ ስሙ አይታወቅም። ፖል ሳሙኤልሰን የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1965 ይህን በሒሳብ ማስረጃ አጸናው። ዩጂን ፋማ በ1970 እንዲህ ያለውን ገበያ ቀልጣፋ ገበያ ብሎ አብራራው፤ ቀልጣፋ ያሰኘውም ወሬን ቶሎ ወደ ዋጋ የሚለውጥ መሆኑ ነው።

ለዚህ ከቡና የበለጠ ምስክር የለም። በ1975 ሐምሌ ወር በብራዚል ፓራና በተባለው ክፍለ ሀገር የወረደው ብርቱ ውርጭ የቡናውን ዛፍ አቃጠለው፤ በ1977 የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ ከ3 ዶላር በላይ ደረሰ። ውርጩ ከመውረዱ በፊት በነበረው ማናቸውም የዋጋ መስመር ውስጥ ያ ሌሊት አልተጻፈም ነበር። እንዲሁም ከ1962ቱ ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት የመነጨው የሽያጭ ኮታ በ1989 ሐምሌ ሲፈርስ ዋጋው ወደቀ፤ በ2001 ከግማሽ ዶላር በታች ወርዶ ነበር። ይህም በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ የተወሰነ የሰዎች ነገር እንጂ ከቀድሞው ዋጋ የተወለደ አልነበረም። ሪቻርድ ሮል የተባለ ሊቅ ደግሞ በ1984 በፍሎሪዳ የሚመረተውን የብርቱካን ጭማቂ ዋጋ መርምሮ፣ ዋጋው የመንግሥቱ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት የሚናገረውን የብርድ ትንበያ ስሕተት እንኳ በጥቂቱ አስቀድሞ እንደሚያመለክት አሳየ። ነገር ግን እርሱ ራሱ እንደ ገለጸው፣ ከዋጋው መነቃነቅ ውስጥ በአየሩ ጠባይ የሚገለጸው ትንሹ ክፍል ብቻ ነው።

በገንዘብ ምንዛሪም ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነው። ሪቻርድ ሚስና ኬኔት ሮጎፍ በ1983 የዶላርን ምንዛሪ ከማርክ፣ ከየንና ከፓውንድ ጋር በልዩ ልዩ የኢኮኖሚ ቀመር ለመተንበይ ሞክረው ነበር። እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ከቀመሮቹ አንዱም «የነገው ምንዛሪ ያው የዛሬው ነው» ከሚለው ተራ ግምት ሳይበልጥ ቀረ። በአገራችንም የምንዛሪ ታሪክ አንድ ተጨማሪ ትምህርት አለ። አንድ ዶላር ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ሲመነዘር ቆይቶ በ1985 ዓ.ም. 5 ብር ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜም 57 ብር ገደማ የነበረው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የእነዚያን የሃያ ዓመታት ዋጋ በወረቀት የሠራ ሰው ከመስመሩ ይልቅ ቀጥ ያለ፣ ከመስመሩም ይልቅ የሚያስተማምን አላየም ነበር። ስለዚህ የመስመር ቀጥታ መሆን የነገሩን መርጋት አያረጋግጥም፤ አንዳንድ ጊዜ የሚያሳየው እውነተኛው ነገር በሌላ ቦታ እየተነቃነቀ መሆኑን ነው።

ይሁን እንጂ ይህንን ትምህርት እንደ ሃይማኖት ቀኖና መያዝ አይገባም። ቤኑዋ ማንደልብሮት በ1963 የጥጥን ዋጋ መርምሮ ታላላቅ ዝላዮች ሊቃውንት ይጠብቁት ከነበረው ይልቅ እጅግ አዘውትረው የሚደርሱ መሆናቸውን አሳየ፤ የሰካራሙ እርምጃ አንዳንድ ጊዜ ገደል ይዘላል ማለት ነው። ሳንፎርድ ግሮስማንና ጆሴፍ ስቲግሊትዝ በ1980 እንዳመለከቱት፣ ዋጋ ሁሉን ነገር አስቀድሞ የሚናገር ቢሆን ወሬ ለመፈለግ የሚደክም ሰው አይኖርም፤ የሚደክም ከሌለም ዋጋው የሚናገረው ነገር ከየት ይመጣል? በ2012 ደግሞ ሦስት ተመራማሪዎች በሸቀጥ፣ በምንዛሪ፣ በአክስዮንና በብድር ሰነድ ላይ የተመሠረቱ 58 የወደፊት ርክክብ ውሎችን መርምረው፣ ያለፈው ዓመት አቅጣጫ ለጥቂት ወራት የመቀጠል ዝንባሌ አለው አሉ። በ2013 የኖቤል ሽልማት ሲሰጥ ገበያን ቀልጣፋ ነው የሚለው ፋማና ገበያ በስሜት ይሳሳታል የሚለው ሮበርት ሺለር አንድ ላይ ተሸልመዋል፤ ይህም ክርክሩ ያልተዘጋ መሆኑን ያመለክታል።

አንባቢ ምናልባት፣ «ዝንባሌ ከተገኘማ ለአጎታችሁ የሰጣችሁት ምክር ያን ያህል ጥፋት አልነበረም» ይለን ይሆናል። እኛም ይህን ሰበብ ለራሳችን ሞክረነው ነበር፤ ነገር ግን አልያዘልንም። በ58 ዓይነት ውል ላይ፣ በብዙ ዓመት ውስጥ፣ ብዙ መቶ ጊዜ የሚነግድ ባለ ገንዘብ፣ ከመቶ ጊዜ ሃምሳ ሁለት ጊዜ ቢሳካለት ሊያተርፍ ይችላል፤ አርባ ስምንቱ ጉዳት በሃምሳ ሁለቱ ጥቅም ይካካስለታልና። ጋሼ ግን በዓመት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጎተራ ቡና ብቻ ይሸጣሉ። ለእርሳቸው አማካይ የሚባል ነገር የለም፤ ያለቻቸው አንዲቱ ዕጣ ናት፤ እርስዋም ከከፋች የምትሸጠው ላም ናት። ለብዙ ሺህ ነገር የሚሠራ እውነት ለአንድ ሰው ሲነገር ሌላ ነገር ይሆናል። የስታቲስቲክስ ትምህርት ከሕሊና ጋር የሚገናኝበት በር ይህ ይመስለናል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። የሮማው ሊቅ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ አንድ ነገር ያነሣል። በሮዱ ደሴት ራብ ገብቶ ሳለ አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል። ሌሎች ብዙ መርከቦች እህል ይዘው ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን በባሕር ላይ አይቷል፤ የሮዱ ሰዎች ግን አላወቁም። ይህን ነገር ነግሯቸው እህሉን በረከሰ ዋጋ ይሽጥ ወይስ ዝም ብሎ በተወደደው ዋጋ ይሽጥ? የባቢሎኑ ዲዮጋን፣ ዝም ማለት መደበቅ አይደለም፤ ሻጭ ሕግ የሚያዘውን ከተናገረ ይበቃዋል አለ። ደቀ መዝሙሩ አንቲፓጥሮስ ግን፣ ሰው ለሰው ጥቅም የተፈጠረ ስለሆነ ያወቀውን ሁሉ መናገር አለበት አለ። ሲሴሮም ነጋዴው ዝም ማለት አይገባውም ሲል ፈረደ። ከእርሱ በኋላ በ13ኛው መቶ ዓመት የተነሣው ቶማስ አኵይናስ፣ ባይናገር ፍትሕን አያጓድልም፤ ቢናገር ግን ምግባሩ የበለጠ ይሆናል በማለት መካከለኛውን መንገድ ያዘ።

ይህንን የጥንት ክርክር ከዛሬው ምርመራ ጋር ብናስተያየው አንድ ነገር ይገለጥልናል። በሮዱ ገበያ የቆመው ዋጋ የመርከቦቹ ወሬ ያልገባበት ዋጋ ነበር። ሊቃውንቱ ገበያ ቀልጣፋ ነው ሲሉ የመርከቦቹ ወሬ በሁሉ ዘንድ ተሰምቷል ማለታቸው ነው። በኒውዮርክ ይህ ምናልባት እውነት ይሆናል። ነገር ግን ከኒውዮርክ እስከ ጅማ ጎተራ ድረስ ብዙ መንገድ አለ። በመንገዱም ላይ ወሬውን በጧት የሰማና በማታ የሰማ፣ ፈጽሞም ያልሰማ ሰው አለ። «ግርግር ለሌባ ይመቻል» እንደሚባለው፣ የወሬ እጦትም ወሬ ላለው ይመቻል። ስለዚህ የገበያ ቅልጥፍና ለሁሉ እኩል የተሰጠ አይደለም፤ ገበያው ለአንዱ ቀልጣፋ ሆኖ ለሌላው የሮዱ ደሴት ሊሆን ይችላል።

ወሬ ሲዳረስ የሚሆነውን ሮበርት ጄንሰን የተባለ መርማሪ በ2007 ባወጣው ጽሑፍ አሳይቷል። በሕንድ አገር በኬራላ ባሕር ዳር ያሉ ዓሣ አጥማጆች የያዙትን ሰርዲን ወደ ቅርባቸው ገበያ ብቻ ይወስዱ ነበር። በአንዱ ወደብ ገዥ ጠፍቶ ዓሣው ሲደፋ በሌላው ወደብ ዓሣ ይታጣ ነበር። ከ1997 ጀምሮ ተንቀሳቃሽ ስልክ በየተራ ወደ አካባቢው ሲገባ፣ አጥማጆቹ ገና ከባሕር ላይ ሳሉ ዋጋ እየጠየቁ ወደሚሻለው ወደብ መሄድ ጀመሩ። የየወደቡ ዋጋ ተቀራረበ፤ ከመቶ 5 እስከ 8 እጅ ይደፋ የነበረው ዓሣ መደፋቱ ቀረ ለማለት ይቻላል፤ የአጥማጁ ትርፍ በመቶ 8 ያህል ሲጨምር ሸማቹ የሚከፍለው ዋጋ በመቶ 4 ያህል ቀነሰ። በአገራችንም የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የዕለቱን ዋጋ በየከተማው በተተከለ ሰሌዳና በስልክ ማሰማቱ ከዚሁ ሐሳብ የመነጨ ነው። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባው፣ ኬራላን የጠቀመው የነገው ዋጋ ሳይሆን የዛሬው ዋጋ መሆኑ ነው። ነገን የነገራቸው ማንም አልነበረም፤ ዛሬን ግን በእኩልነት አወቁት።

ከዚህ በኋላ የራሳችንን ጥፋት መልሰን ስናየው ከሮዱ ነጋዴ ጥፋት ጋር ተመሳሳይም ተቃራኒም ሆኖ አገኘነው። የሮዱ ነጋዴ እያወቀ ዝም ይል እንደሆነ ይከራከሩበታል፤ እኛ ግን ሳናውቅ ተናገርን። እርሱ ዕውቀቱን ቢደብቅ እኛ አለማወቃችንን ደበቅን። ሁለቱም ያው አንድ መደበቅ ነው፤ ሁለቱም በሌላው ሰው ጎተራ ላይ የሚፈጸም ነው። የእኛው ይብሳል የሚያሰኘው ደግሞ፣ የነጋዴው ጥፋት ለሰው ሁሉ ሲታይ የመካሪው ጥፋት በወረቀትና በቁጥር ተሸፍኖ የሚኖር መሆኑ ነው። ሒሳብ የማያውቅ ሰው ቁጥር ሲያይ ያከብራል፤ ይህን አክብሮት ግምትን እንደ ዕውቀት ለማሳለፍ የሚጠቀምበት ሰው በሐሰት ሚዛን እንደሚሸጥ ነጋዴ ነው።

ታዲያ መካሪ ዝም ይበል ማለታችን ነውን? አይደለም። የነገው ዋጋ አይታወቅም ማለት ምንም ነገር አይታወቅም ማለት አይደለም። የዛሬው ዋጋ ይታወቃል፤ ቡና በጎተራ ሲከርም ክብደቱ እንደሚቀንስ ይታወቃል፤ የዕዳው ቀን ይታወቃል፤ ከዚህም ሁሉ በላይ ዋጋው ከሚጠበቀው ይልቅ አብዝቶ ሊዘል እንደሚችል ይታወቃል። ነገን ለማያውቅ ሰው የሚስማማው ምክር የሚወጣው ከእነዚህ ነው። ይኸውም በአንድ ቀን ሁሉን ከመሸጥ ወይም ሁሉን ከማስቀመጥ ይልቅ ከፋፍሎ በየጊዜው መሸጥ፣ ለዕዳ የሚያስፈልገውን አስቀድሞ ማውጣት፣ ቢጠፋ የማይጎዳውን ብቻ ለተስፋ ማቆየት ነው። እንዲህ ያለው ምክር የማንንም ብልኅነት አያሳይም፤ ወደ ላይ የሚወጣም መስመር የለውም። ነገር ግን የሚመከረውን ሰው አንዲት ዕጣ ወደ ብዙ ትንንሽ ዕጣ ይለውጥለታል።

ዕዳውም ከሁሉ የሚከብደው በመሥሪያ ቤት ተቀምጠን የሕዝብን ቁጥር ለምንጽፍ ሰዎች ነው። ከእጃችን የሚወጣው ሰንጠረዥ በማን ፊት እንደሚዘረጋ አናውቅም። አማካይ ስናወጣ አማካይ መሆኑን፣ ግምት ስንጽፍ ግምት መሆኑን፣ ከዚህ በፊትም ግምታችን ምን ያህል ጊዜ እንደ ሳተ አብረን መጻፍ ይገባናል። ገምተን የተሳሳትነውን መዝግበን ማኖር ደስ የማያሰኝ ሥራ ነው፤ ካውልስ የሰበሰባቸው ተንባዮች ይህን ቢያደርጉ ኖሮ ግን ደንበኞቻቸው አስቀድመው ባወቁ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር አንድ ፓውንድ ቡና በኒውዮርክ ገበያ ከ4 ዶላር በላይ ሆኖ ሳለ ጋሼ ደወሉልን። የዕለቱን ዋጋ በእጅ ስልካቸው ላይ አይተው ከእኛ ቀድመው ያውቁት ነበር። «ዛሬውን አይቼዋለሁ፤ ነገስ?» አሉን። «ጋሼ፣ የነገውን አናውቅም፤ የሚያውቅም ሰው አላገኘንም። የዕዳውን ያህል ዛሬ ይሽጡ፤ የቀረውን ከፍለው በየወሩ ይሽጡ» አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «አሁን መከርከኝ» አሉን።